የጋሼ ኑሩ ክብሪት

«አንቺ ልጅ፣ ይቺን ክብሪት ነክተሻታል?»

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ ጋሼ ኑሩ ናቸው። መቱ ገበያው ጥግ ላይ ማር የሚገዙ ነጋዴ ናቸው። እኔ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አዎ ወይም አይ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አልተፈለገብኝም። ከዚያ ወዲህ ከተፈተንኳቸው የኬሚስትሪ ጥያቄዎች ሁሉ ይቀላል። እነዚያን አልፌ ዲግሪ ይዣለሁ፣ ይሄን ግን ወድቄያለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲሉኝ ማስረጃዎቼን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሥራ የለም። መቼ ይኖራል ብዬ ርዕሰ መምህሩን ስጠይቀው ማን ያውቃል አለ። እንዲሁ እንዳልመለስ ይሉኝታ ይዞት መሰለኝ ላብራቶሪውን አሳየኝ። አቧራ የለበሱ ብልቃጦችና አንድ የአልኮል መብራት ነው ያለው። መብራቱ እንደሚሠራ ሊያሳየኝ ክብሪት ጫረ፣ አልበራም። ደግሞ ጫረ፣ የክብሪቱ ራስ ተፈረፈረና ሳጥኑ ጎን ላይ ቡናማ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ክረምት ነው፣ መቱ በክረምት የማይረጥብ ነገር የለም። ሽታው ግን አፍንጫዬን መታኝ። ሊበራ ሲል የተወው ድኝ ከረጠበ ካርቶን ጋር ሲሸት የሚያውቀው ያውቀዋል። ሦስተኛውን ሊጭር ሲል «ይተውት» ብዬው ወጣሁ። ባለጌ ናት ብሎ ይሆናል፣ ይበል።

ያን ዓመት የሳይንስ መምህራችን ቲቸር ገመቹ ነበር። ያኔ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ላብራቶሪ የሚባል ነገር የለም። እሱ ራሱ በኮቱ ኪስ ሻማና ጨው በወረቀት ይዞ ይመጣል። መስኮቱን በጆንያ ያስጋርደንና ጨዉን ሻማው ላይ ቆንጠር አድርጎ ሲበትነው ነበልባሉ ቦግ ብሎ ቢጫ ይሆናል። ከተቃጠለ ዲናሞ የተፈታ የመዳብ ሽቦ ሲያስጠጋበት ደግሞ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ይታያል። ሌላ ቀን ሁለት ክር አመጣ። አንዱን ከራሱ ጋቢ፣ ሌላውን ከማዳበሪያ ከረጢት ነው የመዘዘው። የጋቢው እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ሆነ። የከረጢቱ ቀልጦ ጠብ አለና እንደ ዶቃ ደረቀ። ሰው ይዋሻል፣ ነጋዴም ይዋሻል፣ እሳት ግን አይዋሽም አለን።

እሱ እኮ ስለ ክር ነው የሚያወራው። እኔ ደግሞ እሳት ሁሉን የሚያይ ነገር አድርጌ ወሰድኩት። ሻማው ፊት ለፊት የተቀመጥኩ ቀን፣ ፈተና ላይ ከጓደኛዬ እንደኮረጅኩ ያውቅብኝ ይሆን ብዬ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ነበልባሉ ወደ እኔ ሲዘነበል አወቀ ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። በሩ ተከፍቶ ንፋስ መግባቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ማቃጠል ሆነ ሥራዬ። የዶሮ ላባ፣ የእስክሪብቶ ቱቦ፣ የራሴን ፀጉር። እናቴ ለፋሲካ የገዛችው ቀሚስ ነበራት፣ ንጹህ ጥጥ ነው ተብላ ነው የገዛችው። ከጀርባው ጠርዝ አንድ ክር መዘዝኩ። ቀለጠና ጠብ አለ። ሮጬ ሄጄ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ባሉበት ነገርኳት። የምትሸልመኝ መስሎኛል። እትዬ አስቴር እስኪያስላቸው ሳቁና «ይቺ ልጅሽ ጉምሩክ ነው መግባት ያለባት» አሏት። ሲሄዱ እናቴ በነጠላ ጫማ ገረፈችኝ። ክብሪቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። እጅሽ ላይ ክብሪት ካየሁ ጣትሽን ነው የማቃጥለው አለችኝ፣ እናቴ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች።

ይህን ሰምቶ ከት ብሎ የሳቀው የእናቴ አባት ነው። ከመቱ ወጣ ብላ ባለችው ሁሩሙ ነበር የሚኖረው፣ ሰው ኦቦ ዋቅጅራ ይለዋል፣ እኔ አካኮ እለዋለሁ፣ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ንብ አርቢ ነው። ቀፎውን ትልልቅ ዛፍ ላይ በገመድ ወጥቶ ይሰቅላል፣ በዚያ ዕድሜው። ኮቱ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ጭሱ ላይ የሆነ ጣፋጭ ነገር አለበት፣ ሳቅፈው ጉንጬ ኮቱ ላይ ይጣበቃል።

እሱ ክብሪት አይከለክለኝም። ሰዎች ሰም ይዘው ይመጡለት ነበር፣ እውነተኛ ነው ሞራ የተቀላቀለበት እያሉ ለማስለየት። አካኮ ከመጣው ሰም ቆረስ ያደርግና ከራሱም ሰም ያንኑ ያህል ቆርሶ ጎን ለጎን ያቃጥላቸዋል። ጭሳቸውን አሽትቶ ነው የሚፈርደው። «ኢንታላ ኮ፣ የማታውቂውን ነገር ብቻውን አታቃጥዪ። የምታውቂው አጠገቡ ይኑር» ይለኛል። ልጄ ማለቱ ነው። እኔ ሁለቱም ይሸተኛል፣ ልዩነቱ አይገባኝም፣ ግን ራሴን እነቀንቃለሁ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሌሊት ላድር ሁሩሙ በሄድኩበት፣ የገተማ ማር ደረሰ። ነጭ ማር ነው፣ ከገተማ ዛፍ አበባ የሚመጣ። አካኮ ባልዲውን በኮባ ቅጠል ሸፍኖ አሰረና ወደ መቱ ስትሄጂ አብረን እንሂድ አለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ባልዲውን ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የሄደው። ዝናብ ነው። ኪሴ ውስጥ ቲቸር ገመቹ የሰጠኝ የመዳብ ሽቦ አለ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እናቴ ቤት ክብሪት አጥቼ፣ አካኮ ቤት ደግሞ አልቆ ጠብቆኝ አላቃጠልኩትም፣ እጄን እየበላኝ ነው።

የጋሼ ኑሩ ሱቅ ጠባብ ነው፣ በሩ አጠገብ ማር ይዘው የመጡ ሰዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ። መደርደሪያው ላይ አንድ ብርጭቆ ነጭ ማር ተከድኖ ይቀመጣል፣ ጋሼ ኑሩ «ዳኛው» ይሉታል። የመጣው ማር ሁሉ ከዳኛው ጋር ጎን ለጎን ተይዞ ነው የሚታየው። ዳኛው ደግሞ የአካኮ ማር ነው፣ ከዓመታት በፊት ያመጣላቸው። ይህን በመቱ የማያውቅ ማር ሻጭ የለም፣ አካኮ ግን አንድም ቀን ሲያወራው አልሰማሁም።

አፈታተናቸው ሦስት ነው። መጀመሪያ ማሩን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠብ ያደርጋሉ፣ ሳይበተን ከሰመጠ ጥሩ። ቀጥሎ ከዳኛው ጋር ያስተያያሉ። መጨረሻ ክብሪት ነው። የክብሪቱን ራስ ማሩ ውስጥ ነክረው ጠረግ ያደርጉና ይጭሩታል። ከበራ ማሩ ንጹህ ነው፣ ካልበራ ባዕድ ነገር አለበት። ሁለት ጊዜ ነው የሚጭሩት። ሦስተኛ የለም። ለአንዱ ሦስተኛ ከጫሩ ለሁሉም ሊጭሩ ነው። ሻጩም ሦስተኛ ይጫርልኝ ካለ አንተ አጭበርብረሃል ማለት ነው የሚሆንበት። ክብሪታቸው እንዳይረጥብ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ፣ ከሥሩ ከሰል አድርገው ነው የሚያስቀምጡት።

ከእኛ በፊት የአንዲት ሴትዮ ማር ተፈተነ፣ ክብሪቱ ፏ ብሎ በራ። ጋሼ ኑሩ ክብሪቱን ወደ ጣሳው መለሱና ከአካኮ ጋር ሰላምታ ጀመሩ። የእነሱ ሰላምታ ደግሞ አያልቅም። ልጆች፣ ከብት፣ ቡናው፣ ዝናቡ፣ የሞተ፣ የተዳረ፣ እንደገና ልጆች። ሰላምታውን በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይቀጥሉና ተመልሰው በአማርኛ ይሳሳቃሉ። ጣሳው ክዳኑ ተከፍቶ እጄ ሥር ነው።

ወሰድኩት፣ ክብሪቱን። በጓሮው በር ወጥቼ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ቆምኩ። አንዱን ጭሬ ሽቦውን አስጠጋሁ፣ ጠፋብኝ። ሁለተኛውን ጫርኩ፣ አረንጓዴው መጣ፣ ትንሽዬ፣ የጥፍሬን ጫፍ የምታህል። በጣም ደስ አለኝ። ያኔ ከውስጥ አንድ ሰው ሲስል ሰማሁ። ደንግጬ ሳጥኑን ለቀቅኩት፣ ከክፈፉ የሚወርደው ውሃ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ።

አንስቼ በቀሚሴ ጠረግኩት። የሚጫርበት ጎኑ ለስልሷል፣ ጣቴ ላይ ቡናማ ቀለም ተወ። ልመልሰው ስገባ እነሱ ገና ስለ አንድ በሬ ያወራሉ። ጣሳው ውስጥ ከተትኩት። የእናቴ ነጠላ ጫማ ነው የታየኝ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ጋሼ ኑሩ የአካኮን ማር ውሃው ውስጥ ጠብ አደረጉ፣ ቀጥ ብሎ ሰመጠ። ከዳኛው ጋር አስተያዩት፣ አንድ ነው። እንዲያውም ለወጉ ነው እንጂ ክብሪቱ ምን ያደርጋል ዓይነት ፊት ነበራቸው። ነከሩ፣ ጫሩ። ምንም። ሁለተኛ ነከሩ፣ ጫሩ። ምንም የለም፣ ያ ሽታ ብቻ ነው የመጣው። እጃቸው ማር ነክቶ እየታጠበ ሁሌ እርጥብ ነው፣ ስለዚህ የሳጥኑን እርጥበት አላወቁትም።

አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ባልዲው አዩ። አካኮ የባልዲውን ጠርዝ ይዞ ቆሟል። ክብሪቱን ያለ ማር ጫረው እስቲ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላለም። ስንት ዓመት ወዳጁ የሆነን ሰው ክብሪትህን ልየው አይባልም። ጋሼ ኑሩም ከራሳቸው ሕግ ወጥተው ሦስተኛ አልጫሩም። ሳጥኑን ከፍ አድርገው ያዙና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺን ክብሪት ነክተሻታል?»

ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። እኔ ግን የተቆጡ መሰለኝ፣ እሳቱ ነግሯቸዋል ብዬ ነው ያሰብኩት። አልበራም ማለት እኮ እሳቱ እኔን አውቆኛል ማለት ነው። ሽቦውን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ አልነካሁም አልኩ። እንዲያምኑኝ ብዬ ደግሞ በኦሮምኛ ደገምኩት፣ «ሂን ቱቅኔ»። በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ።

«እሺ» አሉ። ጣሳውን ከደኑና ለዛሬ ይብቃኝ አሉ፣ ከዚያ በኋላ የማንንም ማር አልፈተኑም። ለአካኮ ዘንድሮ ዝናቡ እኮ በዛ፣ አሉት ዓይኑን ሳያዩ። አካኮ የኮባውን ቅጠል መልሶ ማሰር ጀመረ፣ ገመዱ እጁ ላይ አልታዘዝ አለው። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዱ ለጎኑ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ንቦቹን ስኳር ቤት ነው እንዴ የሚያሰማራቸው?» አለ። ዝቅ ያለ ድምፅ ግን ጠባብ ሱቅ ውስጥ ለሁሉም ይሰማል። ስንወጣ ጋሼ ኑሩ ዳኛውን ከመደርደሪያው ሲያወርዱት አየሁ።

አካኮ እኔን ቤት አድርሶኝ ባልዲውን ይዞ ወደ ሁሩሙ ተመለሰ። መንገድ ላይ ያለኝ ነገር ቢኖር ብርድ ነካሽ እንዴ የሚል ብቻ ነው። ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ።

በማግስቱ ጋሼ ኑሩ ያንኑ ክብሪት ጭረው በርቶላቸው ይሆናል። ከሰሉ ሌሊቱን አድርቆት ያድራል። በራ ማለት ደግሞ ጥፋቱ የኦቦ ዋቅጅራ ማር ነው እንጂ ክብሪቱ ምንም የለበትም ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት በጣም ቆይቼ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ። አስተማሪያችን፣ ጨዉን ሳታስነኩ መጀመሪያ ሽቦዋን ብቻዋን አቃጥሏት፣ ንጹህ መሆኗን ሳታዩ ስለ ነበልባሉ እንዳታወሩ አለን። ራሴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ደግሞ ያ የክብሪት ፈተና ራሱ ፈተና አይባልም፣ የሚለየው ውሃን እንጂ ስኳርን አይደለም። ወፈር ያለ የስኳር ሽሮፕ ያልፈዋል። በዚህ ነው የሰው ስም የሚወጣና የሚወርደው።

ያን ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሁሩሙ ነበርኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ውሃ ልቀዳ ስሄድ ልጆች አንድ ኪሎ ስኳር ስጪን ይሉኛል። አካኮ ዛፎቹ ጋ መሄድ ቀነሰ፣ ከዚያም ተወ። ባልዲው በር ጥግ እንደታሰረ ተቀምጦ ጉንዳን ወረረው፣ አልጠረገውም። ለምን ራስህ አትሞክረውም፣ ለሰው አሳያቸው ብላ አንዲት ጎረቤት ስትነግረው፣ የራሴን ማር እኔ አልፈትንም አላት።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ማንም አያውቅም። በሩ ጀርባ ግማሽ የሆነ የስኳር ከረጢት አየሁ። የሻይ ስኳር ነው፣ ማንም ቤት ያለ። እኔ ግን በየቀኑ ሄጄ እያየሁት፣ ቀንሷል አልቀነሰም እያልኩ፣ ቀስ እያልኩ አመንኩት። እሳት አይዋሽም አይደል? ምናልባት እኔ ክብሪቱን ባልጥለውም አይበራም ነበር። እንዲህ ሳስብ ሆዴ ቀለል ይለኛል። ለራሴ እንዲቀለኝ አካኮን አጭበርባሪ አደረግሁት። አልበቃኝም፣ መቱ ተመልሼ ለእናቴ እዚያ ቤት ብዙ ስኳር አይቻለሁ አልኳት።  ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋውን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የአባቷን ማር ለጎረቤት ይዛ ሄዳ አታውቅም።

ነሐሴ ላይ ተመልሼ ስሄድ አካኮ ለቅሶ ቤት ነበር። ደረቅ ክብሪት ከምድጃው ጎን ወሰድኩ፣ የባልዲውን ገመድ ፈታሁ፣ ጉንዳኑን ገፋ አድርጌ ነከርኩት። እንዳይበራ እየተመኘሁ ጫርኩት። በራ። ሌላ ነከርኩ፣ እሱም በራ። ጣቴን እስኪደርስ ድረስ ያዝኩት፣ ማሩ እየተቃጠለ ካራሜላ ካራሜላ ሸተተኝ። ያን ዓመት የሠራሁት ብቸኛ ትክክለኛ ሙከራ ይህ ነው፣ ውጤቱን ደግሞ ደበቅኩት። ገመዱን መልሼ አሰርኩና እጄን ታጠብኩ።

በሚቀጥለው ዓመት አካኮ ቀፎ አልሰቀለም። ቀፎዎቹ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ተደርድረው አንዱ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ትጥል ነበር። አንድ ጊዜ፣ አሥረኛ ክፍል ሆኜ፣ «አካኮ፣ ያኔ ጋሼ ኑሩ ጋ…» ብዬ ጀመርኩ። «ተዪው ኢንታላ ኮ፣ ዝናብ ነበር» አለኝና እንቁላሉን አንስቶ ሰጠኝ። ያውቅ ነበር ብዬ ማሰብ ይመቸኛል። ስለሚመቸኝ አላምነውም። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሆኜ ሞተ። ፈተና ነበረብኝ፣ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም።

ጥያቄውም በደንብ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ኑሩ አልተቆጡኝም ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ሌላውን ክብሪትህ፣ ማርህ ሳይለው የሚወጡበት በር እኔ ነበርኩ። ሕፃን ናት፣ ነካሁት ብትል ማንም አያፍርም። ይሳቃል፣ ጆሮዬን ትንሽ ይጎትቱኛል፣ ሌላ ክብሪት ይመጣል። በሩን ከፍተውልኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ ላብራቶሪውን አይቼ ከትምህርት ቤቱ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም። ባጃጅም አልጠበቅኩም፣ ዝናቡ ውስጥ በእግሬ ወደ ገበያው ወረድኩ። ሱቁ እዚያው ነው። ጋሼ ኑሩ አርጅተዋል፣ መነጽር አድርገዋል፣ አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ባልዲ ይዘው ተቀምጠዋል። የዋቅጅራ የልጅ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ተነስተው ጨበጡኝ። ተምረሽ ጨረስሽ አሉ? አሉኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ አካኮ ሲያነሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አላህ ይማራቸው፣ ወዳጄ ነበሩ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ አግዳሚው ላይ ያሉትም እንዲሰሙ ይመስለኛል፣ «ያቺን የማር ነገር እኔ ከልቤ አውጥቻታለሁ ልጄ። ሰው ነው፣ ችግር ያሳስታል። ይቅር ብያቸዋለሁ።»

ከሁለቱ ሰዎች አንደኛው ራሱን ነቀነቀ። ታሪኩን ያውቃል ማለት ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ አግዳሚ ላይ ሲወራ የኖረ ታሪክ።

«ጋሼ ኑሩ» አልኳቸው፣ «ያን ቀን ክብሪቱን ነክተሻል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ነክቻለሁ። ጓሮ ወስጄ ውሃ ውስጥ ጣልኩት፣ ርጥቡን መልሼ ጣሳዎ ውስጥ ከተትኩት። አካኮ ማሩ ውስጥ ምንም አልጨመረም።»